በገዛ አፉ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጃንዋሪ 25፣ 2025

ለጋሼ ከሊፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ነገሬ ልግባ ብል፣ ደብዳቤው ለእማዬ እንደሚነበብ ስለማውቅ አልደፍርም። እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? የላክሁልሽ መድኃኒት ደረሰሽ ወይስ ጋሼ "ለባሰበት ሰው" ብሎ ሰጠብሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ዘንድሮ አብዷል፤ ጠዋት ጠዋት የመኪናዬን በረዶ ስፍቅ ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም።

ጋሼ፣ ባለፈው ስልኩን ጆሮህ ላይ ስለዘጋሁብህ ይቅርታ አድርግልኝ። ታላቄ ነህ፣ ያሳደግኸኝም አንተ ነህ፣ እንደዚያ ማድረግ አልነበረብኝም። አንተም ብትሆን "ካንቺ ጋር በስልክ መነጋገር አይቻልም፤ የምትይው ካለሽ ጽፈሽ በቴሌግራም ላኪው" ብለኸኛል፤ ይኸው ጻፍኩ። በጽሑፍ ከሆነ ቢያንስ አንዳችን ስንናገር ሌላችን ዝም እንላለን።

"ማን ነገረሽ?" ላልከኝ፣ የነገረኝ መንግሥት ነው። እዚህ የወንጀል ተጎጂ ቤተሰቦችን የሚረዳ ቢሮ አለ። እንድሪስ ወንድማችንን ሃቢብን ገድሎ የተፈረደበት ቀን፣ ስለ መፈታቱ የሚነሳ ነገር ሁሉ ይነገረኝ ብዬ ስሜን ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ፍርዱ ከአስራ ስምንት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ነበር። አስራ ስምንቱ ስላለፈ፣ ይፈታ አይፈታ የሚለውን የሚወስን ቦርድ ይቀመጣል። ሂሪንግ ይሉታል። እንደ ፍርድ ቤት እንዳታየው፤ ጥፋቱማ ድሮ ተፈርዷል። የእሱ ወገን ይናገራል፣ የሟች ወገን ይናገራል፣ ከዚያ ቦርዱ ድምፅ ይሰጣል። ኤፕሪል ላይ ነው።

የዚያ ቢሮ ሠራተኛ፣ ሚስ ዳያን የምትባል ደግ ሴት፣ መጋዘን ውስጥ ፈረቃዬን ላስረክብ ስል ኮል አደረገችልኝ። ከኢትዮጵያ የተተረጎመ ወረቀት እንደመጣ፣ የሟች ቤተሰብ ታርቋል፣ መፈታቱን የሚቃወም የለም እንደሚል ነገረችኝና፣ የኔም ሐሳብ ያው እንደሆነ ጠየቀችኝ። የፈረመው ማነው ስላት ያንተን ስም እየተንተባተበች አነበበችልኝ። ጋሼ፣ የወንድሜን ደም መድረቅ ከሚስ ዳያን ልስማ?

"አሁን ካንቺ መስማቴ ነው። ሂሪንጉ ላይ ግን አለሁ" አልኳት። ላንተም የምለው ይኸንኑ ነው። ለምን ሳትጠይቁኝ እንዳደረጋችሁት ጻፍልኝ። ተቆጥቼ ሳይሆን ማወቅ ፈልጌ ነው። እሺ፣ ተቆጥቼም ነው።

እህትህ ሸይማ


ኮምቦልቻ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸይማ፣

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። መድኃኒቱ ደርሷል፣ ለማንም አልሰጠሁም። እማዬ ደብዳቤሽን ካስነበበች በኋላ "የብርዱን ቦታ ድገምልኝ" ብላ አዝናለች። ስለ ስልኩ አልተቀየምኩሽም። ልጅ ሆነሽም የሆድሽን ተናግረሽ በሩን ላዬ ላይ ዘግተሽ ነበር የምትሮጪው።

ለምን እንዳልጠየቅንሽ ጠይቀሻል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺን መጠየቅ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ለክፋት እንዳይመስልሽ። ደም ሲደርቅ የሚጠየቀው አባት ነው፤ አባት ከሌለ ታላቅ ወንድም። የደሙ ባለቤት እኔ ነኝ። ይህን እኔ ያመጣሁት አይደለም፣ አገሩ የኖረበት ነው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። እንድሪስ ከተፈታ አሜሪካኖቹ እንደማያስቀምጡት፣ ወዲህ እንደሚመልሱት ለቤተሰቡ ነግሯል። እዚህ ሲደርስ ምን የሚሆን ይመስልሻል? ያኔ ልጆች የነበሩት የአጎታችን ልጆች ዛሬ ጎረምሶች ናቸው። ሃቢብን በቅጡ የማያስታውሱት ሁሉ በስሙ ይምላሉ። የእንድሪስን የወንድም ልጅ ገበያ ላይ ሲያገኙት መንገድ ይዘጉበታል። ሌላ ሬሳ ልንቀብር ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ አስታራቂው አበጋር ሼህ ይማም ሽማግሌዎች አስከትለው ሲመጡ በሬን አልዘጋሁም።

ተመላለሱ። በመጨረሻው ሐሙስ የእንድሪስ አባት ራሳቸው መጡ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሰው እጃቸውን ይዞ አምጥቶ ደጃችን ላይ አስቀመጣቸው፣ ይግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ። "ልጄ ያጠፋውን እኔ አጥፍቻለሁ በሉና ማሩኝ" አሉ። ሸይማ፣ እኔም ሰው ነኝ፣ እሺ አልኩ። እማዬም እሺ አለች። ዱዓ ተደረገ፣ ደሙ ደረቀ፣ ወረቀቱም ተፈረመ።

አሁን አንቺ ቦርዱ ፊት ቆመሽ "አይፈታ" ብትዪ የሰጠሁት ቃል ምን ይሆናል? "ከሊፋ ወዲህ ይታረቃል፣ እህቱን ወዲያ ይልካል" ይሉኛል። እነዚያን ጎረምሶችስ በምን አፌ እይዛቸዋለሁ? ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ ከዚያ ሂሪንግ ከምትዪው ነገር ቅሪ። ከሄድሽም ዝም በይ። ዝም ማለት እንደሚከብድሽ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ደግሞስ ምን ፈልገሽ ነው? ይህን ያህል ዓመት ታስሮ አልበቃሽም?

ወንድምሽ ከሊፋ


ኮሎምበስ
ፌብሩዋሪ 20፣ 2025

ጋሼ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሥራ ላይ ነበር። አንብቤ እስክጨርስ ጠቅላላ ፈረቃው ቆሞ ሲያየኝ ነበር፤ ፊቴ ምን መስሎ እንደነበር እንጃ። ለመልሱ የዘገየሁት በንዴት እንዳልጽፍልህ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ "እማዬ እሺ አለች" ላልከው ደወልኩላት። "ኧረ እኔ እሺ ያልኩት ሻይ ይቅረብላቸው ወይ ሲሉኝ ነው" አለችኝ። ስለ ደሙ የጠየቃት ሰው የለም። አሁን ይህን ስታነብላት ቀና ብለህ እያት።

ምን ፈልገሽ ነው ላልከው፣ "አይፈታ" የሚል ቃል ከኔ አፍ ወጥቶ ያውቃል? ይሙት፣ ይበስብስ አልኩህ? የናንተን እርቅ ማፍረስም አልፈልግም። የኔ ነገር እርቁ ጎዶሎ መሆኑ ነው።

አባታችን ከአበጋሮቹ ጋር ሲቀመጥ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር። አንተ ያኔ ሱቅ ትውላለህ። ገዳይ ሳይናገር ዱዓ የተደረገበት አንድ ቀን አላስታውስም። አስቀድሞ ይቆምና ይጠየቃል። ምን አደረግህ? በምን መታኸው? እሱስ ምን ይዞ ነበር? በገዛ አፉ፣ ሳያሳምር፣ ሳይቀንስ ይናገራል። ይቅርታው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። አሁን እንድሪስን የጠየቀው ማነው? እሱ ኦሃዮ እስር ቤት ነው፣ እናንተ ኮምቦልቻ ተቀምጣችሁ ከአባቱ ጋር ታረቃችሁ። አባት ስለ ልጁ መለመን ይችላል፣ ይህን እቀበላለሁ። ስለ ልጁ ሆኖ እውነቱን ማውጣት ግን አይችልም፣ አላየማ።

እንድሪስ ፍርድ ቤት ቆሞ ያለውን ረስተኸዋል? ኤርፖርት ታክሲ ተራ ላይ በወረፋ ተጣልተን ሃቢብ ቢላ አወጣብኝ፣ ነፍሴን ላድን ብዬ ተኮስኩ አለ። ቢላ የሚባል ነገር በቦታው አልተገኘም። ዳኞቹ አላመኑትም። የኛ ሰው ግን አመነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃቢብ "ቢላ ያወጣው ልጅ" ነው። ባለፈው በጋ የኛ ሰው በሚበዛበት ሞርስ ሮድ ላይ ሠርግ ጠርተውን የሃቢብን ልጅ ኡሙሰልማን ይዣት ሄድኩ። አባቷ ሲሞት ገና ያልተወለደች ልጅ ናት። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ "የዚያ የባለ ቢላው ልጅ ናት" ስትል ሰማኋት። ኡሙሰልማም ሰማች። መኪና ውስጥ ገብተን "አንቲ፣ ማይ ዳድ ቢላ ነበረው?" አለችኝ። እንዳልነበረው ነገርኳት። ግን የኔ ቃል ምን ይሆናታል? እህቱ ነኝ፣ ላድነው ብዬ ነው የሚመስላት።

እኔ የምፈልገው ይህን ነው ጋሼ። የገደለው ሰው ሃቢብ ምንም አልያዘም ብሎ ይናገር። ከተናገረ እኔም አልቃወምም፣ ይፈታ። ካልተናገረ ግን በተጠራ ቁጥር እቆምበታለሁ፣ አርጅቼም ቢሆን። እዚህ ያሉትም ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ለአላህ ተዪው ብለውኛል። ለአላህ የተውኩትን ትቻለሁ፣ ይሄ የሰው ድርሻ ነው ብዬ ሸኝቻቸዋለሁ።

ሼህ ይማምን ሄደህ ጠይቃቸው። ልክ አይደለችም ካሉ ጻፍልኝ።

ሸይማ


ኮምቦልቻ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸይማ፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? መልስ ያዘገየሁት ተናድጄ ነው፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም የምትናደጂው። ያቺን የሻይዋን ነገር ሳነብላት እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ስትስቅ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

ንዴቴ ሲበርድ ሼህ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ደብዳቤሽን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ከዚያ "ይህን ያህል ምራቅ የዋጥን ሰዎች ተሰብስበን ዋናውን ነገር ዘለልነው። ሽማግሌው ደጅህ ላይ ሲቀመጡ አየንና መጠየቅ አፈርን። ልጅቷ ልክ ናት" አሉ። በማግስቱ ሁለቱንም ወገን ጠርተው እርቁ አልፈረሰም፣ አልተዘጋምም፣ ገዳዩ እስኪናገር ይቆያል ብለው ተናገሩ። እስከዚያ ማንም እጁን እንዳያነሳ ጎረምሶቹን አስምለዋል። የእንድሪስ አባት ሲሰሙ አለቀሱ አሉ። እኔ አልነበርኩም።

እንግዲህ ሂጂ። ሄደሽም የጻፍሽልኝን ተናገሪ። ከተናዘዘ አልቃወምም ያልሽውን ግን እንዳታጥፊ። እማዬ ማን አብሯት ይቆማል እያለች ትጨነቃለች፤ በምን ቋንቋ እንደምትናገሪም፣ ምን እንደምትለብሺም ጻፊልን። እኔ የጠየቅኩት የቋንቋውን ብቻ ነው፣ ሌላው የእሷ ነው።

ከሊፋ


ኮሎምበስ
ኤፕሪል 24፣ 2025

ጋሼ፣ እማዬ፣

በስልክ "አለቀ፣ ደህና ነኝ" ብዬ ብቻ ስለዘጋሁ እንዳትቀየሙኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው። አሁን ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፍላችሁ።

አብራኝ የቆመችው ኡሙሰልማ ናት። እናቷ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። አግብታ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር ኑሮዋን ይዛለች፣ ያንን ነገር አንዴ ቀብሬዋለሁ፣ ልጄም የአባቷን ገዳይ ፊት አታይም አለች። አልፈረድኩባትም። ልጅቷ ግን አባቴ ነው ብላ ድርቅ አለች። ጠዋት ፎረስት ፓርክ ቤቴ ድረስ ራሷ መኪና እየነዳች መጥታ ወሰደችኝ። ሚስ ዳያንም ከጎናችን አልተለየችም። የለበስኩት ጥቁር ኮቴንና ያን አረንጓዴ ሻሼን ነው፣ እማዬ።

የተናገርኩት በአማርኛ ነው፣ በአስተርጓሚ። ሚስ ዳያን ገረማትና "እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው እኮ" አለችኝ። ለቦርዱ ብቻ ቢሆን በእንግሊዝኛ እጨርሰው ነበር። እንድሪስ ግን ከእስር ቤት ሆኖ በስክሪን ይከታተል ነበርና ቃሌ ሳይዞር ሳይተረጎም እንዲደርሰው ፈለግኩ። ጢሙ ነጭ ሆኗል። ባየው የምደነግጥ መስሎኝ ነበር፣ አልደነገጥኩም። ከእሱ ጋር በቀጥታ መነጋገር አይፈቀድም፤ የሚነገረው ለቦርዱ ነው።

ስለ ሃቢብ ነገርኳቸው። ለአረፋ በግ ሲታረድ ከግቢ ወጥቶ የሚጠፋ ልጅ እንደነበር፣ ብርቱካን እንኳ በጥርሱ እንደሚልጥ፣ ስለት ነገር ሲያይ እንደሚሰቀጥጠው። ከዚያ የኛን አገር ወግ ነገርኳቸው። አበጋር ምን እንደሆነ፣ ገዳይ በሰው ፊት ቆሞ ያደረገውን በገዛ አፉ እንደሚናገር፣ ያ ሳይሆን ይቅርታ እንደማይታሰብ። ከኮምቦልቻ የመጣውን ወረቀት ሰብሳቢዋ አንስታ፣ ታዲያ ይሄስ ብላ ጠየቀችኝ። "ወንድሜ የፈረመው ከልቡ ነው። ግን ይህ ሰው ምን እንዳደረገ ሳይናገር የተፈረመ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፣ ጠይቁልኝ። ወንድሜ እጁ ላይ ምን ነበር?" አልኩ።

ተራው ሲደርስ አንዱ የቦርድ አባል ጠየቀው። እንድሪስ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አለ። ከዚያ በአማርኛ ተናገረ። የተናገረውን አንድም ቃል ሳላጎድል እጽፍላችኋለሁ።

"ሃቢብ ቢላ አልያዘም። እጁ ባዶ ነበር። ተራዬን ቀደመኝ ብዬ ተናድጄ ተኮስኩበት፣ ሽጉጥ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቢላ ያልኩት ራሴን ላድን ብዬ ነው። ይኸን ሁሉ ዓመት እሱን ሁለተኛ ገድዬዋለሁ።"

አስተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ኡሙሰልማ እጄን ለቀቀችና ብድግ አለች። ታለቅስ ይሆናል ብዬ ስፈራ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ አንዴ ይድገመው ብላ ሰብሳቢዋን ጠየቀች። ሰብሳቢዋ ወዲያ ወዲህ አየችና ፈቀደች። እንድሪስ ደገመው። እጁ ባዶ ነበር። ልጅቷ "ታንክ ዩ" ብላ ተቀመጠች። የሃቢብ ልጅ ናት፣ ጋሼ። ኩራቴ ከደረቴ አልፎ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

እኔም በቃሌ ተነስቼ "አልቃወምም" አልኩ። ቀኑ ሳያልፍ ድምፅ ሰጥተው እንዲፈታ ወሰኑ። መኸር ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወደናንተ ነው የሚልኩት። "ደስ አለሽ ወይ?" ብላ ሚስ ዳያን ጠየቀችኝ። ደስታ እንዳልሆነ ነገርኳት። ሞርስ ሮድ ላይ ከእንግዲህ የትኛውም ሠርግ ቤት አንገቴን ቀና አድርጌ እገባለሁ፣ እሱ ነው።

ይቅር ብለሽዋል ወይ ብለህ በቴሌግራም ጠይቀኸኛል። ለመፈታቱ እሺ ብያለሁ። ይቅርታው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ገና ከራሴ ጋር እየተነጋገርኩበት ነው።

ሸይማ


ኮምቦልቻ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸይማ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ እማዬ "ልጄ" አለች። ሃቢብን ይሁን አንቺን ይሁን አልጠየቅኳትም።

ሼህ ይማም ባለፈው ሐሙስ ሁለቱን ወገን ሰበሰቡ። ደብዳቤውን እንዳነብ ጠየቁኝ። እማዬ እንዲህ ያለ ሸንጎ ደጅ ደርሳ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን በትሯን ይዛ መጣች፣ ተመለሺ ያላትም ሰው የለም። "እጁ ባዶ ነበር" የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። ድገመው አሉኝ፣ ደገምኩት። የእንድሪስ አባት በማያይ ዓይናቸው ወደ እማዬ ዞረው መሬት ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ከጎረምሶቻችን መሀል በሃቢብ ስም ይምል የነበረው አንዱ ተነስቶ ሽማግሌውን አነሳቸው። በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ ሼህ ይማም በደንቡ መሠረት ጮክ ብለው "የደሙ ባለቤት ማነው? ይነሳና ቃሉን ይስጥ" አሉ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔም ተነሳሁ።

"የደሙ ባለቤት እህቴ ሸይማ ናት" አልኩና ተቀመጥኩ።

ሸይማ፣ ጉርምርምታ ይነሳል ብዬ ነበር። አልተነሳም። ሼህ ይማም "እንዲያ ከሆነ የሷ ቃል ይምጣ" ብለው ሸንጎውን በቀጠሮ በተኑት። ለአረፋ አገሩ ሁሉ ስለሚሰበሰብ ያኔ እንዝጋው ብለዋል። እንግዲህ ይቅር የምትዪም ሆነ የማትዪ፣ ቃልሽን ጻፊና ላኪልኝ፤ ቆሜ በስምሽ እናገርልሻለሁ። ቃልሽ ምንም ይሁን፣ አንገቴን ሳልሰብር ነው የምናገረው።

ወንድምሽ ከሊፋ


ኮሎምበስ
ሜይ 25፣ 2025

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ለኡሙሰልማ አነበብኩላት። "እህቴ ሸይማ ናት" ብለህ የተቀመጥክበት ቦታ ላይ ስደርስ ለጊዜው ማንበብ አቃተኝ፣ እሷ ናት ትከሻዬን ይዛ ያስጨረሰችኝ። አላህ ያክብርህ። ሌላ የምለው አጣሁ፤ እኔ መናገር ሲያቅተኝ አይተህ ታውቃለህ?

የጠየቅኸኝን ቃል ግን አልልክልህም። ሰውየውን አባትህ አይበቃም፣ በገዛ አፍህ ተናገር ብዬ ያስቆምኩ እኔ፣ ይቅርታዬን በወንድሜ አፍ ብልክ ምኔ ሰው ይባላል?

ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ለአረፋ እንደርሳለን፣ ኡሙሰልማም አብራኝ ናት፤ እናቷ እሺ ብላታለች። እሷም የምትናገረው አላት፣ ምን እንደሆነ ግን ለእኔም አልነገረችኝም።

ለሼህ ይማም ንገራቸው። ሁለት ሴቶች እየመጡ ነው፣ ቦታችን ከፊት ይሁን።

ሸይማ